ጎንደር በኃያላን ፉክክር መካከል፦ ከወይና ደጋ እስከ መተማ

የጎንደር ከተማንና በስተሰሜኗ የተንጣለለውን ደጋ ከሩቅ መንግሥታት ፖለቲካ ጋር ያስተሳሰሩት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ሊማሊሞን ወርዶ በትግራይ በኩል ምጽዋ የሚደርሰው የቀይ ባሕር መንገድ፣ በጭልጋና በመተማ ወደ ሱዳን የሚዘልቀው የሲራራ ንግድ መስመር፣ እንዲሁም የዓባይ መነሻ የሆነው ጣና ሐይቅ። ወደዚህ ምድር ያማተረ የውጭ ኃይል ሁሉ ከሦስቱ አንዱን ፈልጎ ነው። የአገሩ ነገሥታትም በበኩላቸው ከባሕር ማዶ ወዳጅ ከመፈለግ ቦዝነው አያውቁም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ቢባልም፣ በዚህ ደጋ ታሪክ የቅርቡ ጎረቤት ብዙ ጊዜ የሚፈራ፣ የሩቁ ደግሞ ተስፋ የሚጣልበት ነበር። ተስፋው ግን በውል ተጽፎ፣ በማኅተም ታትሞም ቢሆን ዕድሜው የሚለካው ውሉን ባስገኘው ጠላት ዕድሜ ነበር። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በአካባቢው የተፋለሙት የመጀመሪያዎቹ የባሕር ማዶ ኃያላን ፖርቱጋልና ኦቶማን ቱርክ ናቸው። ሁለቱ በሕንድ ውቅያኖስና በቀይ ባሕር ላይ የጀመሩት ፍልሚያ ወደ ደጋው ዘለቀ። ደጋውን የወረረው የአዳሉ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ከቱርኮች ነፍጥና ነፍጠኛ አገኘ። የአፄ ልብነ ድንግል ጥሪ የደረሳት ፖርቱጋል ደግሞ በ1541 በክሪስቶቫው ዳ ጋማ የሚመሩ 400 ያህል ነፍጠኞችን በምጽዋ በኩል ላከች። ዳ ጋማ በዓመቱ ተማርኮ ተገደለ። ከሞት የተረፉት ወታደሮቹ ከአፄ ገላውዴዎስ ጦር ጋር ተቀላቀሉ፤ ኢማሙም በየካቲት 1543 ጣና አጠገብ በወይና ደጋ ወደቀ።

ለዚህ ውለታ የተጠየቀው ዋጋ የታወቀው ቆይቶ ነው። የፖርቱጋልን ወታደር ተከትለው የመጡት ኢየሱሳውያን መነኮሳት ጎርጎራ ላይ ተቀምጠው ቤተ መንግሥቱን ያዙ። አፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክ እምነት መቀበላቸውን በይፋ ሲያሳውቁ ከአውሮፓ ጦር እንደሚላክላቸው ተስፋ አድርገው ነበር። ጦሩ አልመጣም፤ የመጣው የእርስ በርስ እልቂት ነው። በ1632 ዙፋኑን የተረከቡት ልጃቸው አፄ ፋሲለደስ መነኮሳቱን አባረው፣ ከዚያ ቀደም ያልተሞከረ የአሰላለፍ ለውጥ አደረጉ። ካቶሊክ ሚሲዮን እንዳያልፍ በሩን እንዲዘጉላቸው የምጽዋንና የሱዋኪንን የቱርክ ፓሻዎች ተወዳጁ። አንድ ምዕተ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ ኢማም አሕመድን ያስታጠቀው ኦቶማን የጎንደር መንግሥት በር ጠባቂ ሆነ።

በ1636 ገደማ የተመሠረተችው ጎንደር ብዙ ጊዜ በሯን ዘግታ የተቀመጠች ከተማ ተደርጋ ትሣላለች። ይህ ትክክል አይደለም። የተዘጋው ለሮማ እንጂ ለዓለም አልነበረም። ሆጃ ሙራድ የተባለ አርመናዊ ነጋዴ የጎንደር ነገሥታት መልእክተኛ ሆኖ በሕንድ ወደ ሙጋሉ ንጉሥ አውራንግዜብ፣ በእስያ የሆላንዶች ዋና መቀመጫ ወደነበረችው ባታቪያ ተጉዟል። ፋሲለደስ ቱርኮችን ከአገሩ ካስወጣው የየመን ኢማም ጋር ይጻጻፉ ነበር። ፍላጎታቸው ምጽዋን ሳይነካ በአፋር ጠረፍ በበይሉል በኩል የሚያልፍ የንግድ መንገድ መክፈት ነው። ተተኪው ኢማም ግን ንጉሡ ሊሰልሙ የፈለጉ መስሎት ሐሰን ኢብን አሕመድ አል ሐይሚ የተባለውን ሊቅ ላከ። አል ሐይሚ በ1648 ጎንደር ገብቶ ጉዳዩ የበይሉል መሆኑን ሲረዳ ቅር ብሎት ተመለሰ፤ የጉዞውን ታሪክም ጽፎ ትቷል። ሁለቱ ወገኖች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ምኞት በሌላው ደብዳቤ ውስጥ አንብበዋል፤ በኋለኞቹ ዘመናት ከአውሮፓ ጋር በተደረጉት ግንኙነቶችም ይኸው ደጋግሞ ታይቷል። ፈረንሳይ በ1699 ሐኪሙ ፖንሴ ታላቁን አፄ ኢያሱን ለማከም ጎንደር በደረሰ ጊዜ መንገድ ያገኘች መስሏት ነበር። ተከትሎ የተላከው መልእክተኛ ዱ ሩል ግን በ1705 ስናር ላይ ተገደለ።

ዘመነ መሳፍንት የማዕከሉን ኃይል ሲበትን፣ የምዕራቡ ድንበር ባሕርይ በአንድ ጊዜ ተለወጠ። የግብፁ መሐመድ አሊ ጦር በ1821 ስናርን ያዘ፤ ጎንደርም ከነጋዴ መንግሥት ጋር ሳይሆን መድፍ ከታጠቀ መንግሥት ጋር ጎረቤት ሆነች። የቋራው ካሳ ኃይሉ በ1848 ደባርቂ ላይ የግብፅን መድፍ ገጥሞ ተሸነፈ። ሰባት ዓመት ቆይቶ በሰሜን አውራጃ በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብሎ ሲነግሥ ያ ሽንፈት ከልቡ አልወጣም ነበር። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ በአውሮፓውያን ሚሲዮናውያን እጅ ያሠራው ግዙፍ መድፍ ሴባስቶፖል ተባለ፤ ስሙ እንግሊዝና ፈረንሳይ ከቱርክ ጎን ቆመው ከሩሲያ ጋር ከተዋጉባት ከተማ የመጣ ነው። የክርስቲያን መንግሥታት ለቱርክ ሊሰለፉ እንደሚችሉ ቴዎድሮስ ከዚህ መረዳት ይችል ነበር። እንደዚያም ሆኖ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ በጻፈው ደብዳቤ ስለ ቱርኮች አቤት ብሎ መልእክተኞቹ በሰላም እንዲያልፉ ጠየቀ። ለንደን ያኔ ኦቶማንን ከሩሲያ መጠበቂያ ግንብ አድርጋ ይዛለች። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተቋረጠባት ጥጥም ከግብፅ መምጣት ጀምሯል። ደብዳቤው መልስ ሳያገኝ ቀረ፤ ቆንስሉ ካሜሮን ታሰረ፤ በ1868 የጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላ ደረሰ። ቴዎድሮስ ጎንደርን አስዘርፎ የሰበሰባቸው የብራና መጻሕፍት ሳይቀሩ በእንግሊዞች ተጭነው ሄዱ። ለናፒየር መንገድ የከፈተው የትግራዩ ካሳ ምርጫ መሣሪያ አስገኘለት፤ አራት ዓመትም ሳይሞላ አፄ ዮሐንስ ተብሎ ነገሠ።

በጎንደር ላይ ከተመዘገቡት የኃያላን ስምምነቶች ሁሉ የከፋ መዘዝ ያስከተለው የዮሐንስ ዘመን ውል ነው። በ1884 የእንግሊዙ አድሚራል ሂውት ዐድዋ መጥቶ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተፈራረመ። ውሉ ለኢትዮጵያ ግብፅ የያዘችውን ቦጎስን መለሰ፤ በምጽዋ በኩልም መሣሪያን ጨምሮ ዕቃ ያለ ቀረጥ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር እንዲያልፍ ፈቀደ። በለውጡ ዮሐንስ በሱዳን ዐማፅያን በማሕዲስቶች የተከበቡት የግብፅ ወታደሮች በኢትዮጵያ ምድር አልፈው ወደ ባሕር እንዲወጡ መርዳት ነበረባቸው። ዮሐንስ ቃላቸውን ጠበቁ። የመተማን ጎረቤት የገላባትን የግብፅ ጦር ሳይቀር ከከበባ አስወጡ፤ የጦር አዛዣቸው ራስ አሉላም በ1885 ኩፊት ላይ ማሕዲስቶችን መታ። እንግሊዝ ግን ውሉ ዓመት ሳይሞላው፣ ፈረንሳይ እንዳትቀድማት ብላ፣ ጣሊያን ምጽዋን ስትይዝ ደግፋ አየች። በሩ የተከፈተበት ወረቀት እንዳለ ሆኖ በሩ ለሌላ ባለቤት ተሰጠ።

ለኢትዮጵያ የተረፈው የእንግሊዝ ጠላት ነው። ከዚያ በፊት ማሕዲስቶች የተነሡት በግብፅና በእንግሊዝ ላይ ነበር፤ አሁን ኢትዮጵያ የእነዚያ ተባባሪ ሆና ታየች። በ1887 የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ገላባትን ወግቶ የማሕዲስቶችን አሚር ገደለ። በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ የማሕዲስቶች የጦር አዛዥ ሐምዳን አቡ አንጃ ጦሩን ይዞ ደንቢያ ወረደ፣ ሳር ውኃ ላይ ተክለ ሃይማኖትን አሸነፈ፣ ጎንደር ገባ። አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ሕዝብ በምርኮ ተነዳ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከእሳቱ ተረፈች፤ የአገሩ ትውፊት ያዳኗት ንቦች ናቸው ይላል። በ1888 መጨረሻ ዮሐንስ ለአቡ አንጃ የሰላም ደብዳቤ ጻፉ። የሁለቱም ጠላት አውሮፓውያን መሆናቸውን አስረድተው፣ ወንድም ከወንድም ከመተላለቅ አብሮ መቆም ይሻላል አሉ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ጊዜው ግን አልፏል። ማሕዲስቶች ደብዳቤውን በንቀት መለሱ። በማርች 1889 መተማ ላይ ድሉ ወደ ኢትዮጵያ ሲያዘነብል ንጉሠ ነገሥቱ ቆስለው ሞቱ፤ ራሳቸው ተቆርጦ ወደ ማሕዲስቶች መዲና ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። ሁለት ወር ሳይሞላ ምኒልክ ከጣሊያን ጋር የውጫሌን ውል ፈረሙ።

ዮሐንስ የለመኑትን የማሕዲስቶቹ መሪ ከሊፋ አብዱላሂ የተቀበለው ከምኒልክ እጅ ነው። ከዐድዋ ድል በኋላ አዲስ አበባና ኦምዱርማን መልእክተኛ ተለዋወጡ። ምኒልክ በ1897 ከእንግሊዙ መልእክተኛ ሮድ ጋር ሲዋዋሉ ለማሕዲስቶች መሣሪያ እንዳያልፍ ቃል ገቡ፤ ከከሊፋው ጋር የነበረውን ወዳጅነት ግን አላቋረጡም። በሁለት ጠላቶች መካከል በአንድ ጊዜ ወዳጅ መሆን ዮሐንስ ያላገኙት ዕድል ነበር። ያገኙት ምኒልክ የዐድዋን ድል ከጀርባቸው ይዘው ነው።

ከዚህ በኋላ የፉክክሩ ማዕከል ጣና ሆነ። የ1902ቱ ውል፣ ከእንግሊዝና ከሱዳን ጋር ሳይስማሙ በጣና፣ በዓባይና በሶባት ላይ የውኃውን ፍሰት የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ ምኒልክን ቃል አስገባ። በ1906 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን የጥቅም ክልላቸውን በሦስትዮሽ ስምምነት ተከፋፈሉ። በ1925 ለንደንና ሮም በተለዋወጡት ደብዳቤ አንዱ የጣናን ግድብ፣ ሌላው ኤርትራን ከሶማሊያ የሚያገናኝ የባቡር መንገድ ለመደገፍ ተማማሉ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ ጉዳዩን ጄኔቭ ላይ ለመንግሥታት ማኅበር አቀረቡ። ቀጥለውም ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን አሜሪካ ልከው ከጄ ጂ ኋይት ኩባንያ ጋር ንግግር አስጀመሩ። በአካባቢው ቅኝ ግዛት የሌላትን አሜሪካን ወደ ጣና መጋበዝ ሁለቱን ጎረቤቶች መመለሻ ብልሃት ነበር፤ ግድቡን ግን የጣሊያን ወረራ ቀደመው።

የጣሊያኑ አዛዥ የስታራቼ ጦር በመኪና ተጭኖ በኤፕሪል 1936 ጎንደር ገባ። ጣሊያኖች ከተማዋን የአማራ ግዛታቸው መዲና አደረጓት። የፒያሳው ፖስታ ቤት፣ ሲኒማ ቤቱ፣ ሊማሊሞን እየተጠማዘዘ የሚወጣው መንገድ የዚያ ዘመን ሥራ ናቸው። አርበኞች በአርማጭሆ፣ በወገራና በሰሜን ለአምስት ዓመት ተዋጉ። በ1941 አዲስ አበባ ነፃ ከወጣች በኋላ እንኳ የጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ በጎንደር ለወራት ጸና። የወልቀፊት ምሽግ በሴፕቴምበር፣ የኩልቋል በር ምሽግ በኖቬምበር ወደቁ፤ ኖቬምበር 27 ቀን ጎንደር ተያዘች፤ የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካም እዚያ አበቃ። ያሸነፈው የእንግሊዝና የአርበኞች ጥምረት ግን እኩል ጥምረት አልነበረም። እንግሊዝ በ1942 እና በ1944 በተደረጉት ስምምነቶች በኢትዮጵያ ላይ ያላትን ቁጥጥር ለማቆየት ሞከረች። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1945 ከሩዝቬልት ጋር የተገናኙት ከዚህ ቁጥጥር መውጫ ፍለጋ ነው።

አሜሪካ ጎንደር የደረሰችው በሐኪም ቤት በኩል ነው። በ1954 የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በአሜሪካ የፖይንት ፎር እርዳታ፣ በዓለም ጤና ድርጅትና በዩኒሴፍ ድጋፍ ቆመ። የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የንጽሕና ባለሙያዎችን ለገጠሩ ያሠለጠነ ተቋም ነው፤ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲም የበቀለው ከዚያ ነው። ኃያላን በዚህ ደጋ ላይ ካኖሩት ነገር ሁሉ ለሕዝቡ የጠቀመው ይህ ይመስላል። የውኃው ፉክክርም አልቆመም፤ ሶቪየት ኅብረት ለግብፁ የአስዋን ግድብ ገንዘብ ስትሰጥ፣ አሜሪካ በ1958 የዓባይን ተፋሰስ ጥናት ጀመረች።

በ1977 ሁሉም ተገለበጠ። ወታደራዊው መንግሥት ደርግ ከዋሽንግተን ተለይቶ ወደ ሞስኮ ዞረ፤ ሞስኮም ሶማሊያን ትታ አዲስ አበባን ያዘች። በዚያው ዓመት በሱዳን የተደገፈው የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ኅብረት፣ ኢዲዩ፣ መተማንና ሑመራን ይዞ ወደ ጎንደር ገሰገሰ፤ በአዲስ የሠለጠነው ሚሊሻ መለሰው። ጎንደር ከተማ በቀይ ሽብር ወጣቶቿን ያጣችው በእነዚያ ዓመታት ነው። ሱዳን የኢትዮጵያን ተቃዋሚዎች፣ ኢትዮጵያ ደግሞ ከ1983 ወዲህ የደቡብ ሱዳን ታጣቂዎችን ማስጠጋት ልማድ አደረጉት።

የቤተ እስራኤል ስደት በዚህ ውጥረት መካከል የተካሄደ ነው። ከአምቦበር፣ ከወለቃና ከሰሜን መንደሮች በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በእግራቸው ሱዳን ገቡ፤ በመንገድና በመጠለያ ወደ 4,000 የሚጠጉ እንደሞቱ ይገመታል። በዘመቻ ሙሴ ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 ወደ 8,000 የሚሆኑ ወደ እስራኤል ተጓጓዙ። ወሬው ሲወጣ ሱዳን በዓረብ መንግሥታት ግፊት በረራውን አቆመች። ሶቪየት እጇን ስትሰበስብ ደርግ በ1989 ከእስራኤል ጋር የተቋረጠውን ግንኙነት ቀጠለ። በሜይ 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ተወሰዱ። ጎንደር ከዚያ ጥቂት ወራት በፊት በኢሕአዴግ እጅ ገብታ ነበር።

ዛሬ በአካባቢው የሚፎካከሩት ኃይሎች ቁጥር ጨምሯል። አሜሪካ በጃንዋሪ 2022 ኢትዮጵያን ከአጎዋ የንግድ ዕድል አስወጣች። ኢትዮጵያ በ2021 ከቱርክ ጋር የወታደራዊ ትብብር ስምምነት ፈረመች፤ በጃንዋሪ 2024 ብሪክስን ተቀላቀለች። ግብፅ በበኩሏ በዚያው ዓመት ከሶማሊያ ጋር ወታደራዊ ስምምነት አደረገች። በሴፕቴምበር 2025 የተመረቀው የህዳሴ ግድብ ክርክር ላይም የ1902ቱ ውል ከካይሮ ይጠቀሳል፤ ኢትዮጵያ እንደማይገዛት ታስታውቃለች።

የምዕራቡን ደንበር ጉዳይ የሚመራውም የዚያው ዘመን ሥራ ነው። በ1903 እንግሊዛዊው ሻለቃ ግዊን ብቻውን ያሰመረው መስመር የአል ፋሻጋን ለም ጥቁር አፈር በሱዳን በኩል አደረገ። በ1972 ሁለቱ መንግሥታት በደብዳቤ መስመሩን ተቀብለው ዝርዝሩን ለድርድር ተዉት፤ የጎንደር ገበሬዎች ሰሊጥና ማሽላ ማረሳቸውን ቀጠሉ። በ2020 መጨረሻ፣ ኢትዮጵያ በሰሜኑ ጦርነት ተይዛ ሳለ፣ የሱዳን ጦር መሬቱን ያዘ። በኤፕሪል 2023 ሱዳን ራሷ በጦርነት ስትታመስ በመተማ በኩል ስደተኞች ገቡ፤ በዚያው ዓመት የአማራ ክልልም ወደ ውጊያ ገባ። በፋሻጋ የደንበር ምልክት የማኖሩ ሥራ አሁንም አልተጠናቀቀም።