የዓባይን በረሃ ለሚወርድ ፍሬን የብረት ቱቦ ያስፈልገዋል?

ከጎሐ ጽዮንም ይሁን ከደጀን ተነስቶ በዓባይ ወንዝ ላይ ወዳለው ህዳሴ ድልድይ የሚወርድ መኪና ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ጠመዝማዛ መንገድ ከ1,200 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። 1,500 ኪሎ የሚመዝን አውቶሞቢል በዚህ ቁልቁለት የሚለቀው ጉልበት ከ50 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከፊሉን ሞተሩና ነፋሱ ይቀበሉታል፤ የቀረውን የፍሬን ሸራና ዲስክ በሙቀት መልክ ይሸከሙታል። ስለዚህ በደብረ ማርቆስና በአዲስ አበባ መካከል የሚመላለስ ባለመኪና ፍሬኑን ለማጠንከር ቢያስብ ተገቢ ነው። ብዙ ከሚወራላቸው ማሻሻያዎች አንዱ የጎማውን የፍሬን ቱቦ አውጥቶ ከማይዝግ ብረት ሽቦ በተጎነጎነ ቱቦ መተካት ነው። ዕቃው ጥሩ ነው፤ ይህ ቁልቁለት በቅድሚያ የሚጠይቀው ግን እሱን አይደለም።

ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱ በቀጭን የብረት ቧንቧ ተገፍቶ ወደ መኪናው እግሮች ይሄዳል። ጎማው ስለሚዞርና ስለሚነጥር ግን የመጨረሻዋ ክንድ የምታህል ርቀት በሚተጣጠፍ ቱቦ መገናኘት አለባት። ፋብሪካ የሚሠራው ቱቦ በመሃሉ የክር ድር ያለበት ጎማ ነው፤ በግፊት ጊዜ ጥቂት ስለሚነፋ ከእግራችን ኃይል ትንሽ ይበላል። የተጎነጎነው ቱቦ ውስጡ ቴፍሎን፣ ላዩ የብረት ሽቦ በመሆኑ እምብዛም አይነፋም፤ ፔዳሉም ጠንከር ይላል። የውድድር መኪኖች የሚመርጡት ለዚህ ነው። ይህ ማለት ግን የጎማ ቱቦው ደካማ ነው ማለት አይደለም። የአሜሪካ የደህንነት ደረጃ በአውቶሞቢል ላይ የተለመደው ቀጭን የፍሬን ቱቦ ከ7,000 ፒኤስአይ፣ ማለትም ከ480 ባር ገደማ በታች እንዳይፈነዳ ያስገድዳል፤ ይህም በድንጋጤ የተረገጠ ፔዳል ከሚፈጥረው ግፊት ከሦስት እጥፍ በላይ ነው።

በዓባይ በረሃ ፍሬንን የሚያሸንፈው ሙቀት ነው። ሸራው ከመጠን በላይ ሲግል መያዝ ያቅተዋል፤ ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ከዘለቀ ደግሞ ዘይቱ ይፈላል። ዶት 3 የተባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ የሚጠይቀው አዲሱ ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ እንዲቆይ ነው፤ እርጥበት ለጠጣው ግን ዝቅተኛው ገደብ 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ዘይቱ ሲፈላ የሚወጣው እንፋሎት ስለሚታመቅ ፔዳሉ ሳይዝ ወለሉ ድረስ ይሰምጣል። እዚህ ላይ የብረት ቱቦ ምንም አይፈይድም፤ በውስጡ የሚፈላው ያው ዘይት ነውና። ሌላም ሾፌሮች ልብ የማይሉት ነገር አለ። ፔዳሉን የሚያቀልልን ሰርቮ የሚሠራው በአየር ግፊት ነው፤ 2,400 ሜትር በሚያልፈው የደብረ ማርቆስ ከፍታ ደግሞ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያንሳል። ሰርቮው የሚሰጠው እገዛ በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ፔዳሉ ሲከብድ ጥፋቱ የቱቦው የሚመስለው ሰው ይኖራል።

“መኪናዬ አሮጌ ነው፤ የጎማ ቱቦው አርጅቷል፤ የብረቱን ያስገቡ ሰዎችም ልዩነቱን መስክረዋል” የሚል ይኖራል። ልዩነቱ እውነት ነው፤ ንጽጽሩ ግን የአሮጌ ጎማ ቱቦ ከአዲስ የብረት ቱቦ ጋር ነው። ብዙ መኪኖቻችን አገልግለው የመጡ ስለሆኑ ቱቦአቸው ስንት ዓመት እንደሞላው አይታወቅም። ያረጀ ቱቦ ከውጭ ይሰነጠቃል፤ የባሰው ግን የውስጡ ነው። ውስጠኛው ንጣፍ አብጦ ወይም ተልጦ ዘይቱን አሳልፎ መመለሻ ይከለክለዋል። እግር ከፔዳል ቢነሳም ያ ጎማ እንደተያዘ ይቀራል፤ ቁልቁለቱን ሁሉ እየታሸ ይግላል፤ መኪናውም ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። ይህን ችግር ከሞላ ጎደል አዲስና ደረጃውን የጠበቀ የጎማ ቱቦም ይፈታዋል፤ ያውም በአነስተኛ ዋጋ።

“ኮረኮንች ላይ ድንጋይ የጎማ ቱቦውን ይቆርጠዋል” ለሚለው መልሱ አዎን ነው፤ በዚህ ረገድ ሽቦው ይበልጣል። ነገር ግን ሽፋን የሌለው ሽቦ አሸዋና አቧራ ሲገባበት ውስጡን ይፍቃል፤ አጠገቡ ያለውን የኤቢኤስ ገመድም እየታከከ ሊበላው ይችላል። ውስጡ ቢሰነጠቅ ደግሞ ሽቦው ስለሚሸፍነው ከውጭ አይታይም። ከሁሉም በላይ አደገኛው ለጫኝ ማሽን ቱቦ በሚቆርጥ ሱቅ ለፍሬን ማስቆረጥ ነው። መጋጠሚያው በፋብሪካ ያልተጨመቀና በግፊት ያልተፈተነ ቱቦ ከነሽቦው ተነቅሎ ሊወጣ ይችላል፤ ያ ደግሞ የሰው ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ስለዚህ ገንዘባችሁን በቅድሚያ የፍሬን ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ለማስቀየር አውሉት፤ በዶት 3 ምትክ ሙቀት በተሻለ የሚችለውን ዶት 4 መሙላት ይቻላል። ሸራውን አስፈትሹ፤ ዕድሜያቸው ያልታወቀ ቱቦዎችን በሙሉ ለውጡ። ገንዘብ ተርፎ የብረቱን ብትመርጡ ለመኪናችሁ ሞዴል የተሠራውንና የፍተሻ ምልክት ያለበትን ግዙ። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ውረዱ፤ አውቶማቲክ ከሆነም በዲ አትልቀቁት። ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ መካኒኩ መሪውን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ አዙሮ፣ የፊት ቱቦዎቹን በእጁ አጠፍ አድርጎ ስንጥቅ እንዲፈልግ ጠይቁት፤ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይወስድበትም።