ሂንግ፦ በዘይት የሚገራው ሽታ

የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች በተስፋፉበት ዘመን ከህንድ የመጡ በርካታ መምህራን ያስተምሩ እንደነበር ይታወቃል። መቀሌም እነዚህ መምህራን ከኖሩባቸው ከተሞች አንዷ ነበረች። ከእነርሱ የአንዱን ደጃፍ በምሳ ሰዓት ያንኳኳ ተማሪ ሁለት ነገሮችን ሳያስተውል አይቀርም። አንደኛው፣ ወጥ ቤት ውስጥ በጥብቅ የተከደነች ትንሽ ቆርቆሮ ስትከፈት የሚወጣው፣ የበሰበሰ ነጭ ሽንኩርት የሚመስል፣ አፍንጫ የሚያስይዝ ሽታ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ በሚቀርበው የምስር ወጥ ላይ ያ ሽታ አለመኖሩ ነው። በምትኩ በደንብ የተቁላላ ሽንኩርት ጣዕም ይገኛል። ሽንኩርት ግን በወጡ ውስጥ አልገባም።

ይህ ቅመም በህንድ «ሂንግ» ይባላል። አረቦች «ሒልቲት» ይሉታል። የሚገኘውም ፌሩላ አሳፌቲዳ ከሚባል ተክልና ከቅርብ ዘመዶቹ ሥር ነው። ስሙ ራሱ ጠባዩን ይናገራል፤ «አሳ» ሙጫ ከሚል የፋርስ ቃል የመጣ ሲሆን «ፌቲዳ» ደግሞ በላቲን «የሚገማ» ማለት ነው። ጀርመኖች ከዚያም አልፈው «የሰይጣን እበት» ብለውታል። ለመሆኑ ይህን ያህል ስም የወጣለት ነገር እንዴት የሚሊዮኖች የዕለት ቅመም ሊሆን ቻለ? መልሱ ያለው ዘይቱ ውስጥ ነው። ወደ ዘይቱ ከመድረሳችን በፊት ግን ከራሳችን ድስት መነሣቱ ይቀላል።

የሽንኩርትና የሂንግ ዝምድና

ያልተከተፈ ሽንኩርት እምብዛም አይሸትም። ሽታውን የሚፈጥረው ቢላዋው ነው። በሽንኩርት ሕዋስ ውስጥ ድኝ ያላቸው ሽታ አልባ ውሁዶች በአንድ ወገን፣ አሊኔዝ የተባለው ኢንዛይም ደግሞ በሌላ ወገን ተለያይተው ይኖራሉ። ሕዋሱ ሲቆረጥ ሁለቱ ይገናኛሉ፤ ዐይን የሚያስለቅሰውም ሆነ አፍንጫ የሚሰነፍጠው ነገር የሚወለደው በዚያች ቅጽበት ነው። ከዚህ ሂደት ከሚገኙት ውሁዶች መካከል ዳይሰልፋይድ የሚባሉት፣ ማለትም ሁለት የድኝ አተሞች እርስ በርስ የተያያዙባቸው ሞለኪውሎች፣ ለሽንኩርትና ለነጭ ሽንኩርት የታወቀውን ጠረን ይሰጣሉ። ቁሌት ስንሠራ እነዚህ በሙቀት ግማሹ ይተናሉ፣ ግማሹም ወደ ለሰለሰ ጣዕም ይለወጣሉ።

ሂንግ በዕፅዋት ምደባ ከሽንኩርት ጋር ዝምድና የለውም። ቤተሰቡ የካሮት ቤተሰብ ነው። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ድንብላል፣ ከሙን፣ እንስላልና በርበሬያችን ውስጥ የሚገባው ነጭ አዝሙድ ይገኛሉ። (ጥቁር አዝሙድ በስም ቢመሳሰልም የሌላ ቤተሰብ ነው።) ይሁን እንጂ ተፈጥሮ በሁለት ልዩ ልዩ መንገዶች ወደ አንድ ዓይነት ኬሚስትሪ ደርሳለች። በሂንግ ጠረን ውስጥ ዋነኛውን ድርሻ የሚይዘው ሁለት-ቢዩቲል ፕሮፔኒል ዳይሰልፋይድ የተባለ ውሁድ ነው። ስሙ ረዝሞ አያስደንግጥ። «ፕሮፔኒል» የተባለው የሞለኪውሉ ክፍል በሽንኩርት ውሁዶችም ውስጥ ያለ ነው፤ የድኝ ጥንዱም እንዲሁ። ምላሳችን ሂንግ የገባበትን ወጥ ቀምሶ «ሽንኩርት» ቢል አልተሳሳተም ማለት ነው።

ልዩነቱ ሽንኩርት ውሁዶቹን በቢላዋ ጊዜ የሚሠራ ሲሆን ሂንግ ግን ሠርቶ በሙጫው ውስጥ አከማችቶ መጠበቁ ነው። ቆርቆሮው ሲከፈት የሚበተኑት እነዚሁ የተከማቹት ናቸው። የሰው አፍንጫ ደግሞ ለድኝ ውሁዶች እጅግ ንቁ ነው፤ ከአንድ ቢሊዮን የአየር ክፍል ጥቂቱ ብቻ ቢገኝም ይለያቸዋል።

መቀሌ ላይ ውኃ በ93 ዲግሪ ሲፈላ

አሁን ወደ ምድጃው እንቅረብ። የሂንግ ሙጫ በጥቅሉ ሦስት ነገሮችን የያዘ ነው፤ ከ40 እስከ 64 በመቶ ውኃ የማያሟሟው ሙጫ፣ 25 በመቶ ያህል በውኃ የሚሟሟ ሙጫ፣ ከ10 እስከ 17 በመቶ ደግሞ በቀላሉ የሚተን መዓዛማ ዘይት። ሽታውም ጣዕሙም ያሉት በዚህ በመጨረሻው ውስጥ ነው። ይህም ዘይት ከውኃ ጋር አይስማማም።

እንግዲህ አንድ ሰው ሂንጉን እንዲያው በሚፈላ የምስር ውኃ ላይ ቢበትነው ምን ይሆናል? በውኃ የሚሟሟው ክፍል እንደ ወተት የነጣ ድብልቅ ይሠራል። መዓዛማው ዘይት ግን ሳይሟሟ ከእንፋሎቱ ጋር ተያይዞ ይወጣል። በቤተ ሙከራ መዓዛማ ዘይቶችን በእንፋሎት የምናጥልበት ዘዴ ይኸው ነው። ውጤቱም ቤቱ ይሸታል፣ ወጡ ግን አይጣፍጥም።

ከዚህ ላይ የመቀሌን ከፍታ ማስታወስ ተገቢ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ ስለዚህም በክፍት ድስት ውስጥ ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። የቱንም ያህል እሳት ብንጨምር ውኃው እስካላለቀ ድረስ ወጡ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ምስርና ባቄላ በደጋ ከተሞች ቶሎ የማይበስሉትም በዚህ ምክንያት ነው። ዘይት ግን ይህ ገደብ የለበትም፤ በመጥበሻ ላይ በቀላሉ ከ150 ዲግሪ ያልፋል።

ህንዳውያን «ታድካ» የሚሉት ዘዴ የተመሠረተው በዚህ ልዩነት ላይ ነው። ምስሩ በእርድና በጨው ለብቻው ይቀቀላል። ከዚያም በትንሽ መጥበሻ ላይ ዘይት ወይም «ጊ» የሚባለው የነጠረ ቅቤያቸው ይግላል፤ ከሙን ይጨመርበትና ሲንጣጣ፣ በሁለት ጣት የተያዘች ቁንጥር ሂንግ ትከተላለች። እስከ አሥር ለመቁጠር እንኳ ጊዜ የለም። ወዲያው ተነሥቶ ምስሩ ላይ ይገለበጣል። በእነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ እጅግ ቀላልና ኮምጣጣ የሆኑት የድኝ ውሁዶች ተንነው ይጠፋሉ፤ ከፊሎቹ በሙቀቱ ተለውጠው ይለሰልሳሉ፤ የቀሩት በዘይቱ ውስጥ ይሟሟሉ። ዘይቱ ከያዛቸው በኋላ በአንድ ጊዜ አይለቃቸውም፤ ጥቂት በጥቂት ለምላስና ለአፍንጫ ያደርሳቸዋል። ከመጠን በላይ የቆየ ሂንግ ግን ያርራል፣ ይመርራልም።

ይህን ያነበበ የእናቱን ማጀት ያስታውሳል። በአማርኛ ንጥር ቅቤ፣ በትግርኛ ጠስሚ የምንለው ከዚህ የተለየ ሕግ የለውም። ቅቤ 16 በመቶ ያህል ውኃ አለበት። ሲነጠር ይህ ውኃ ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ ሙቀቱ ከውኃ መፍያ እምብዛም አይርቅም፤ ስለዚህ ኮረሪማው፣ ኮሰረቱ፣ በሶብላው፣ አብሹ ለረጅም ጊዜ በለዘብተኛ ሙቀት በስብ ውስጥ ይቆያሉ ማለት ነው። ሲኒዮል የተባለው የኮረሪማ መዓዛና ሊናሉል የተባለው የኮሰረት መዓዛ ሁለቱም ከውኃ ይልቅ ስብን ይመርጣሉ፤ ወደዚያም ያልፋሉ። ከዚያ ቅመሙ ይጠለላል። የእኛ እናቶች በአንድ ሰዓት የሚያደርጉትን ህንዳውያን በአሥር ሰከንድ ያደርጉታል፤ የእኛው ግን ለወራት ይቀመጣል። በዚህ ውድድር አሸናፊውን ለመለየት የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ገለልተኛ ስላልሆነ ይቅር።

ሽንኩርት የማይበሉ ሰዎች

ሂንግ በህንድ ይህን ያህል ቦታ ያገኘው ያለ ምክንያት አይደለም። የጄይን እምነት ተከታዮች ከመሬት ተነቅሎ የሚበላ ሥርና አኮራች አይመገቡም፤ ሲነቀል በርካታ ነፍሳት ይጠፋሉ ብለው ያምናሉና። ብዙ የሂንዱ ማኅበረሰቦችም ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አእምሮን ያውካሉ በማለት ይተዋቸዋል። የካሽሚር ፓንዲቶች ደግሞ ሥጋ ይበላሉ፣ ሽንኩርት ግን አይነኩም፤ የሥጋ ወጣቸውን በሂንግ ያጣፍጣሉ። በደቡብ ህንድ ከየርግብ አተር በሚሠራው «ሳምባር» ውስጥም ሂንግ አይቀሬ ነው።

እኛ ዘንድ ጾም የሚከለክለው የእንስሳትን ተዋጽኦ እንጂ ሽንኩርትን አይደለም። ስለሆነም ሂንግን የግድ የሚያደርግ ሥርዓት የለንም። ነገር ግን በጾም ወራት ንጥር ቅቤው ከድስቱ ሲወጣ መዓዛ ተሸካሚው የኑግ ወይም የሰሊጥ ዘይት ብቻ ይሆናል፤ ሽሮና ምስርን ያለ ቅቤ የማጣፈጥ ጥያቄ የህንዶቹ ብቻ ሳይሆን የእኛም ጥያቄ ነው። ሽንኩርት በተወደደ ሰሞን ደግሞ ይብሳል!

ስለ ሂንግ ሲነሣ «የሆድ መነፋትን ያስታግሳል» የሚለው አብሮ ይነሣል። መነፋቱ የሚመጣው በጥራጥሬ ውስጥ ካሉት ራፊኖዝና ስታኪዮዝ ከተባሉ ስኳሮች ነው። የሰው ትንሹ አንጀት እነዚህን የሚቆርጥ ኢንዛይም ስለሌለው ሳይፈጩ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳሉ፤ በዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች አብላልተው ሃይድሮጅን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሜቴን ያወጣሉ። ሂንግ የምግብ አለመፈጨት ስሜትን እንደሚያቃልል የጠቆሙ ጥናቶች ቢኖሩም በጥቂት ሰዎች ላይ የተደረጉ ናቸው። ጥራጥሬን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት እነዚህን ስኳሮች እንደሚቀንስ ግን በደንብ የተረጋገጠ ነው። በእኔ ግምት ሂንግ ዝናውን ያተረፈው ከሆድ ይልቅ በምላስ በኩል ነው።

መድኃኒት ነው ብለው ለሕፃናት የሚሰጡ ወላጆች ግን ሊጠነቀቁ ይገባል። ሂንግ የጨቅላ ሕፃናትን ደም ኦክስጅን የመሸከም አቅም እንደሚያውክ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። ሌላም የተሰወረ ነገር አለ፤ ንጹሑ ሙጫ እጅግ ኃይለኛ ስለሆነ ገበያ ላይ የሚሸጠው ዱቄት ብዙውን ጊዜ ከስንዴ ወይም ከሩዝ ዱቄት ጋር የተደባለቀ ነው። ግሉተን የማይስማማው ሰው ጤፍ እንጀራውን አምኖ ሂንግ ባለበት ወጥ ሊታመም ይችላልና ማሸጊያውን ማንበብ አለበት።

የቁስል ፍሬ

ሙጫው ከየት ይገኛል? ተክሉ በአፍጋኒስታን፣ በኢራንና በመካከለኛው እስያ ደረቅ ተራሮች ላይ ይበቅላል። አራት አምስት ዓመት ሥሩን ሲያወፍር ይቆያል። በጸደይ፣ ከማበቡ በፊት፣ ሰብሳቢው በሥሩ ዙሪያ ያለውን አፈር ይገፋና ግንዱን ይቆርጠዋል፤ ቁስሉንም ከፀሐይ ይከልለዋል። ወተት የመሰለ ፈሳሽ ይወጣና ይረጋል። ተፍቆ ይነሣል፤ ቁስሉ በስሱ እንደገና ይቆረጣል። ይህ እስከ ሦስት ወር ሊደጋገም ይችላል፤ ከአንድ ሥርም እስከ 1 ኪሎ ግራም ሙጫ ሊገኝ ይችላል። ሙጫው ለተክሉ ቁስሉን ማሸጊያና ጠላት መከላከያ ነው። ሽታው ያለው ለእኛ ሳይሆን ለሚበላው ነፍሳትና ለሚያበሰብሰው ፈንገስ ነው።

ችግሩ ይህ ተክል በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያብብና ዘር አፍርቶ የሚሞት መሆኑ ነው። ከማበቡ በፊት ከተቆረጠ ዘር የለም።

ለትግራይ አንባቢ ይህ እንግዳ ታሪክ አይደለም። በአበርገሌና በምዕራቡ ቆላ የሚበቅለው፣ በትግርኛ መቐር የሚባለው የዕጣን ዛፍም ቅርፊቱ እየተፋቀ ሙጫ ያነባል። ዛፉ እንደ ሂንግ አንዴ አብቦ የሚሞት ባይሆንም፣ አዘውትረው የሚቆስሉ ዛፎች የሚያፈሩት ዘር ጥቂትና ደካማ መሆኑ ተጠንቷል፤ ለሙጫ የዋለ ምግብ ለዘር አይተርፍምና። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ሰፊ ጥናት ከተመረመሩት የዕጣን ደኖች ከ75 በመቶ በሚበልጡት ውስጥ ወጣት ዛፎች እንዳልተገኙ፣ የዕጣን ምርትም በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አመልክቷል። ለዚህ ቁስሉ ብቻ ሳይሆን ግጦሽና ቃጠሎም ድርሻ አላቸው።

የሂንግ ቤተሰብ ቀድሞም አንድ አባል ሳያጣ አልቀረም። በዛሬዋ ሊቢያ በቀሬና አካባቢ ይበቅል የነበረው ሲልፊየም፣ በከተማዋ ሳንቲሞች ላይ ሳይቀር የተቀረጸ ውድ ቅመም ነበር። ሊተክሉት አልቻሉም፤ ከዱር ብቻ ለቀሙት። ሮማዊው ፕሊኒ በእርሱ ዘመን አንድ ግንድ ብቻ ተገኝቶ ለንጉሠ ነገሥቱ ለኔሮን እንደተላከ ጽፏል። ሂንግ ወደ ሮም ማዕድ የገባው የእርሱ ምትክ ሆኖ ነው። ግሪኮች ግን ሂንግን ቀድመው አይተውት ነበር፤ ስትራቦን እንደሚለው የእስክንድር ወታደሮች በሂንዱኩሽ ተራሮች ማገዶ አጥተው ጥሬ ሥጋ ሲበሉ እንዲፈጭላቸው የተጠቀሙት በዚህ ተክል ነው። ሚጥሚጣ አልነበራቸውም።

ዛሬ ህንድ በዓመት 1200 ቶን ያህል ጥሬ ሂንግ ከውጭ ታስገባለች። ለብዙ ዘመናት በምድሯ አልበቀለም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 በፓላምፑር የሚገኘው የምርምር ተቋም ከኢራን ባስመጣው ዘር ያፈላውን ችግኝ በሂማላያ፣ በላሁል ሸለቆ ክዋሪንግ በምትባል መንደር ተከለ። ተመራማሪዎቹ እንደገለጹት ከ100 ዘር የሚበቅለው አንድ ያህል ብቻ ነበር። ሙጫ ለማግኘት ደግሞ አምስት ዓመት መጠበቅ ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ተቋሙ በፓላምፑር ያሉ ተክሎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ አብበው ዘር መያዛቸውን አስታወቀ። እነዚህኛዎቹ እስኪያብቡ ድረስ አልተቆረጡም ነበር።