በጎዳና ዳር የሚነሣ ጠብ

በአሶሳ ከተማ ብዙውን ሰው ከሠፈር ወደ ሠፈር የሚያመላልሰው ባለሦስት እግሩ ባጃጅ ነው። ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ጊዜ ከአስፋልቱ ዳር፥ እግረኛ በሚያልፍበት ላይ ሲቆም ጠብ ይነሣል። እግረኛው «መንገዴን ልቀቅልኝ» ሲል ነጂው «ታዲያ የት ላቁም?» ብሎ ይመልሳል። የነጂው ጥያቄ ከንቱ አይደለም፤ ማቆሚያ ሳያዘጋጁለት እርሱን ብቻ መውቀስ ፍርድ ማጓደል ነውና።

ሆኖም ጉዳቱ ለሁሉም እኩል አይደርስም። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የጉሙዝ ሴቶች ሸክማቸውን በትከሻ ላይ ባጋደሙት ዘንግ፥ በሁለት ወገን አንጠልጥለው ይሄዳሉ። ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው በቆመው ባጃጅና በአጥሩ መካከል ጎኑን አዙሮ ይሾልካል፤ ባለዘንጓ ግን አይቻላትም። ስለዚህ ወደ አስፋልቱ ትወርዳለች። ከኋላዋ የጭነት መኪና ጡሩምባውን ቢነፋባትም፥ ሚዛን የጠበቀ ሸክም ይዛ በድንገት ልትዞር አትችልም። እንግዲህ ነጂው «እንዴት ያለች ደንቆሮ ናት!» ብሎ የሚቆጣው በዚህች ሴት ላይ ነው።

የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ነጂው በዜብራ ላይ ለእግረኛ ቅድሚያ እንዲሰጥ ያዛል። ነገር ግን እርሷ የምትጋፋው ዜብራው ላይ ሳይሆን ከዳር ነው።

«ልማድ በቀላሉ አይለወጥም» የሚሉ አሉ። የአገራችን ነጂዎች ግን ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ግራውን ትተው ቀኙን ይዘዋል፤ ያውም በአንድ ቀን። ዛሬ የሚለመነው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው፤ ባጃጁ ወደ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ እንዲቆም፥ ማዘጋጃ ቤቱም ስፍራውን በቀለም እንዲያመለክትለት ነው።