ልብ የሚሰክነው በድምፅ ነው ወይስ በዝምታ?

(በሬዲዮ ለአድማጮች ከቀረበ ንግግር ለኅትመት የተዘጋጀ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

የዛሬው ርዕስ የመጣው ከሁለት ሰዎች ጥያቄ ነው። አንደኛው እዚሁ ሐራ የሚኖሩ፣ ሐሙስ ማታ ቤታቸው ሐድራ የሚያስቀምጡ አባት ናቸው። ልጃቸው ለትምህርት አዲስ አበባ ከርሞ ሲመለስ «ድቤ ከሚመታበት ዚክር አልቀመጥም» ብሎ ጓዳ ገባባቸው። «ሸኽዬ፣ ልጄ እኮ ከዲን አስወጣኝ» አሉኝ፣ እንባ እየተናነቃቸው።

ሁለተኛዋ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ የምትማር እህት ናት። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወደ እኛ አካባቢ ሲገባ ገና ልጅ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ጸጥ ባለ ክፍል ስትቀመጥ የከባድ መሣሪያው ድምፅ ይመለስባታል። ጓደኞቿ «ሜዲቴሽን» የሚሉትን ለስለስ ያለ ሙዚቃ ስልኳ ላይ ጫኑላት፤ እሱን ስትሰማ እንቅልፍ ይወስዳታል። «ሐራም ላይ ወድቄ ይሆን? በዝምታ ልቀመጥ ብልም አልቻልኩም» ብላ ጠየቀችኝ።

ሜዲቴሽን የሚለው ቃል አዲስ ይሁን እንጂ ሐሳብን ሰብስቦ መቀመጥ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ተፈኩር፣ ሙራቀባ፣ ኸልዋ እያልን የምንጠራው አለን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ወሕይ ከመውረዱ በፊት ሒራ ዋሻ ውስጥ ለብቻቸው ሌሊቶችን ያሳልፉ ነበር። (ሐራና ሒራ በስም ይመሳሰላሉ፤ ከዚያ ያለፈ ዝምድና ግን አላወራም።) በዋሻው ውስጥ መሣሪያ አልነበረም። ቁርኣንም በሱረቱል አዕራፍ 205ኛው አንቀጽ ጌታን በነፍስ ውስጥ፣ በመተናነስና በፍርሃት፣ ድምፅን ሳያጮሁ ማውሳትን ያዝዛል።

ታዲያ ጉዳዩ እዚህ ላይ አለቀ ማለት ነው? አላለቀም። ወሎ እስልምናን የተማረው በአብዛኛው በድምፅ ነው። የጀማ ንጉሡ ሸኽ ሙሐመድ ሻፊ የቃዲሪያን ጠሪቃ ይዘው ሲያስተምሩ፣ በኋላም እንደ ሸኽ ጦልሐ ኢብን ጀዕፈር ያሉት በዐረብኛ ፊደል አማርኛ መንዙማ ሲጽፉ፣ ከፊታቸው የነበረው ሕዝብ ኪታብ የሚያነብ አልነበረም። ገበሬው ተውሒዱንም፣ የነቢዩን ታሪክም፣ የአኺራውን ፍርሃትም በዜማ ነው የያዘው። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶቻችን ዛሬም በቃላቸው የሚሉት ያንኑ ነው። ድቤውን ብቻ አይቶ «ጭፈራ ነው» የሚል ወጣት፣ አያቱ ሸሃዳዋን በምን መንገድ እንዳገኘች ቢጠይቅ ጥሩ ነበር።

በሌላ በኩል ደግሞ ድቤ ካልተመታ ዚክር የማይመስለን አለን። ከሊቃውንቱ መካከል ኢማም አል‑ገዛሊ (እ.ኤ.አ. በ1111 የሞቱት) ስለ መስማትና ስለ መመሰጥ በኢሕያእ ሰፋ አድርገው ጽፈዋል። በእርሳቸው አመለካከት ዜማ በልብ ውስጥ የሌለውን አያስገባም፣ ያለውን ግን ያንቀሳቅሳል። ኢብን ተይሚያ (እ.ኤ.አ. በ1328 የሞቱት) በተቃራኒው ዜማን የአምልኮ መንገድ ማድረግን አጥብቀው ነቅፈዋል። አል‑ሱዩጢ ደግሞ ድምፅ ለሚሰማበት ዚክር ጥብቅና የቆመ ጽሑፍ አላቸው። የዜማ መሣሪያን በተመለከተ በአራቱ መዝሀቦች የሚያመዝነው አቋም የክርና የትንፋሽ መሣሪያዎችን መከልከል ነው፤ ዱፍ ግን በዒድና በሠርግ መፈቀዱ በሐዲስ የታወቀ ነው። ከዚያ ውጭ ባለው ላይ ክርክሩ ስንት መቶ ዓመት ቆይቷል፤ እኔ በሩብ ሰዓት ሬዲዮ አልፈታውም።

ለእኔ ጉዳዩን የሚያበራልኝ የአቡበክርና የዑመር (ረ.ዐ.) ታሪክ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሌሊት ሲያልፉ አቡበክር በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ዑመር ደግሞ በጣም ከፍ አድርገው ሲቀሩ ሰሟቸው። በኋላ ሲጠየቁ አቡበክር የማዋየው ጌታ ይሰማኛል አሉ፤ ዑመር ደግሞ ያንቀላፋውን ለመቀስቀስና ሸይጣንን ለማባረር ነው አሉ። ነቢዩ ሁለቱንም አላወገዙም። አንዱን ትንሽ ከፍ፣ ሌላውን ትንሽ ዝቅ እንዲያደርጉ ነገሯቸው። ሁለቱም ሰዎች ትክክለኛ ምክንያት ነበራቸው፤ ጠባያቸው ግን ይለያያል። የሐራው አባት ዑመርን፣ ልጃቸው አቡበክርን የመሰሉ መስሎኝ ነበር። ልጁ ጓዳ ሆኖ በሩን ባያላጋው ኖሮ!

ሐኪሞችም የሚጨምሩልን ነገር አለ። በጣልያን የፓቪያው ሐኪም ሉቺያኖ በርናርዲና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት 24 ሰዎችን ልዩ ልዩ ሙዚቃ እያሰሙ ትንፋሻቸውን፣ የልብ ምታቸውንና የደም ግፊታቸውን ለክተዋል። ፈጣኑ ሙዚቃ ትንፋሽና የልብ ምትን አፋጠነ። በመሀል ሁለት ደቂቃ ጸጥታ ሲገባ ግን የሰዎቹ ሰውነት ሙዚቃው ከመጀመሩ በፊት ከነበረው ይልቅ ረጋ። እኚሁ ሰው እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ሌላ ጥናት 23 ሰዎች የካቶሊኮችን የመቁጠሪያ ጸሎት ወይም የዮጋን ቃል በድምፅ ሲደጋግሙ ትንፋሻቸው በደቂቃ ወደ ስድስት ዝቅ ብሏል። የተለካው የእኛ ዚክር አይደለም፤ የዲን ማስረጃም አላደርገው። ግን ቀስ ብሎ አንድን ቃል የሚደጋግም አንደበት ትንፋሽን እንደሚያዘገይ፣ ከድምፅ ቀጥሎ የሚመጣ ዝምታም የተለየ ዕረፍት እንዳለው ያሳያል።

ይህን ሳነብ አያቴ ትዝ አለችኝ። እኔ ያደግኩት ድቤ በሚመታበት ቤት ነው። ድቤው ሲቆም ሰው ሁሉ ወደ ቡናውና ወደ ወጉ ይመለሳል፤ እሷ ግን ጥግ ላይ ሙስበሃዋን ይዛ ትቀራለች። ልጆች ሆነን «እማ ሐድራው አለቀ እኮ» ስንላት በእጇ ዝም በሉ ትለን ነበር። ለእሷ ዋናው የሚጀምረው ያኔ ነበር። እኔ መድረሳ ገብቼ ኪታብ ከቀራሁ በኋላ ድቤውን ትቼ በዝምታ ብቀመጥ፣ ልቤ የት እንደሄደ ልንገራችሁ? ሐራ ገበያ፣ የፍየል ዋጋ ላይ! ዝም ያለ ሁሉ ከጌታው ጋር ነው ማለት አይደለም።

ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው። ድምፅ በር ነው፤ ከበሩ ላይ መቅረት አይገባም። ድቤን የዚክር ቅድመ ሁኔታ ማድረግ አይበጅም፤ በድቤ ምክንያት አባትን ማስለቀስ ደግሞ ከዚያ የከፋ ነው።

አንቺ እህቴ፣ ዝምታ የሚያስፈራሽ ኢማንሽ ስለጎደለ አይደለም። ብዙ ያየ ሰው ላይ የሚደርስ ነው፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማየትም ተወኩልን አያጎድልም። ሙዚቃውን ነገ አጥፊው ብዬ ሌሊትሽን ባዶ አላደርግብሽም፤ በሌላ ተኪው ግን እላለሁ። ከሚወዱት ቃሪእ ዝግ ያለ ቲላዋ ክፈቺ። ቀጥሎ በራስሽ ድምፅ፣ ጆሮሽ እንዲሰማው ያህል «ላ ኢላሀ ኢለላህ» በዪ፤ ትንፋሽሽን ሳታጣድፊ። ድምፅሽን ስታቆሚ አንድ ደቂቃ ብቻ ቆዪ። ካስፈራሽ ወደ ድምፁ ተመለሺ። የተዘጋ ክፍልም አያስፈልግም፤ በር ከፍተሽ፣ ወይም የወፍ ድምፅ ከሚሰማበት ዛፍ ሥር ተቀመጪ። ከሳምንት በኋላ ሁለት ደቂቃ ይሆናል።

አባትና ልጁን ደግሞ ቤታቸው ሄጄ አነጋገርኳቸው። አባት ከሐድራው መጨረሻ ጥቂት ደቂቃ ያለ ድቤ፣ ያለ ወሬ እንዲሆን ተስማሙ። ልጁ ድቤው ላይ አልቀመጥም እንዳለ ነው፤ አላስገደድኩትም። ባለፈው ሐሙስ በረንዳ ላይ ቆየ። ድቤው ሲቆም ገብቶ ከአባቱ ጎን ተቀመጠ፤ በኋላ የቡናውን ስኒ ለአባቱ ያቀበለው እሱ ነበር።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።