የሒሳብ አስጠኚ ሲቀጠር የሚገዛው ምንድን ነው?

በአዲስ አበባ የመብራት ምሰሶዎችና አጥሮች ላይ ከሚለጠፉት ማስታወቂያዎች አንዱ «ቤት ለቤት እናስጠናለን» የሚለው ነው። በብዛት ከሚፈለጉት ትምህርቶች መካከል ደግሞ ሒሳብ ይገኝበታል። አገልግሎቱን የሚሰጡት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ሲሆኑ፣ ክፍያው በሰዓት ወይም በወር በስምምነት ይወሰናል። አገናኝ ካለበት ኮሚሽን ይታሰባል።

ወላጅን ወደዚህ ገበያ የሚገፋው በአብዛኛው የፈተና ሥጋት ነው። የ12ኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይሁን እንጂ የሒሳብ ችግር የሚጀምረው ከ12ኛ ክፍል በፊት፣ በታችኛው ክፍል ነው።

ለምሳሌ አንድ የ7ኛ ክፍል ተማሪ 1/2 ሲደመር 1/3 ስንት ነው ቢባል 2/5 ይላል እንበል። የላዩን ከላይ፣ የታቹን ከታች ደምሯል። «መልሱ 5/6 ነው» ብሎ ማረም የሚጠቅመው ለዚያች ጥያቄ ብቻ ነው። ሥራውን የሚያውቅ አስጠኚ ግን «2/5 ከግማሽ ያንሳል፤ ግማሽ ዳቦ ላይ ተጨምሮበት እንዴት ሊያንስ ቻለ?» ብሎ ይጠይቃል። ተማሪው ስህተቱን ራሱ ከደረሰበት በኋላ ሁለቱን ወደ ስድስተኛ ለውጦ 3/6 እና 2/6 ይደምራል። ይህ ክፍተት ካልተሞላ 9ኛ ክፍል ላይ በአልጀብራ ፊደላት መካከል ተመልሶ ይመጣል።

በራስ መተማመንም የሚገነባው በዚሁ መንገድ ነው። በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ እጁን ለማውጣት የሚፈራ ልጅ፣ ቤት ውስጥ ቢሳሳት የሚስቅበት የለም። ድፍረት የሚያገኘው ግን በማሞገስ ብቻ ሳይሆን፣ ትናንት ያቃተውን ዛሬ ብቻውን ሲሠራ ነው።

በገበያው ላይ ትልቁ ኪሳራ የቤት ሥራውን ራሱ ሠርቶ የሚሄድ አስጠኚ ነው። ደብተሩ በራይት ይሞላል፤ ፈተና ላይ ግን ልጁ ብቻውን ነው። ሒሳብ የማያውቅ ወላጅም ቢሆን ይህን መለየት አያቅተውም። ደብተሩን አስዘግቶ ልጁ አንዱን ጥያቄ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲያስረዳው መጠየቅ ይበቃል።

ዋጋው የከበደው ወላጅ ደረጃቸው የሚቀራረብ ሁለት ወይም ሦስት የጎረቤት ልጆችን በአንድ አስጠኚ ማስጠናትና ወጪውን መጋራት ይችላል። ሆኖም ከመዋዋል በፊት አስጠኚው የመጀመሪያውን ቀን በምን እንደሚያሳልፈው ይጠየቅ። ልጁ የቱ ጋ እንደሚሳሳት በመፈተሽ የሚጀምር ከሆነ ገንዘቡ ሥራ ላይ ይውላል።