ጭምብሉ ሲወልቅ፦ በጥንታዊው የሮማ ኮሜዲ ለዘመኑ ተዋናይ ሚና ስለ መስጠት

(ለሕዝብ የቀረበ ንግግር፣ ሙሉ ቃል)



የዛሬው ርእሴ በመጀመሪያ ሲሰሙት የአዘጋጆች የጓዳ ጉዳይ ይመስላል። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ለሮማ ሕዝብ የተጻፈ ኮሜዲ ዛሬ ወደ መድረክ ሲወጣ ሚናዎቹን ለማን እንሰጣለን? መልሴን አስቀድሜ ልናገር፤ በሮማ ኮሜዲ ሚና መደልደል ማለት ሳቁ በማን ላይ እንደሚያርፍ መወሰን ነው። ምክንያቱን ላስረዳ።

ከዚህ ኮሜዲ ሙሉ ሆነው ወይም ለሙሉ ተቃርበው የደረሱን የፕላውተስ 20 እና የቴሬንስ 6 ተውኔቶች ናቸው። ከግሪክ ተውኔቶች ተወስደው በላቲን የተጻፉ ሲሆኑ ገጸ ባሕርያታቸው ተመልካቹ አስቀድሞ የሚያውቃቸው ዓይነቶች ናቸው፤ ቆጣቢው አባት፣ በፍቅር የነሆለለው ወጣት፣ ጉረኛው ወታደር፣ በሰው ማዕድ የሚኖረው ሆዳም፣ ብልጡ ባሪያ። ተዋንያኑ ሁሉም ወንዶች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ራሳቸው ባሮች ወይም ከባርነት ነጻ የወጡ ሰዎች ነበሩ። አብዛኞቹ የዘመናችን ተመራማሪዎች እንደሚቀበሉት ጭምብል ያጠልቁ ነበር።

ጭምብሉ ብዙ ችግር ያቃልል ነበር። ወጣቱን ሽማግሌ፣ ወንዱን ሴት ያደርጋል፤ አንዱን ተዋናይ በሁለትና በሦስት ሚና ያሠራል። የፕላውተስን «ሜናይክሚ» እንውሰድ። በልጅነታቸው የተለያዩ መንትያ ወንድማማቾች ሳያውቁት በአንድ ከተማ ይገኛሉ፤ ሰው ሁሉ አንዱን በሌላው ይሳሳታል። ለሮማዊው ቡድን ሁለት ተመሳሳይ ጭምብሎች ይበቁ ነበር። የዛሬው አዘጋጅ ሁለቱንም ሚና ለአንድ ተዋናይ ልስጥ ቢል፣ በመጨረሻው ትዕይንት ወንድማማቾቹ ፊት ለፊት ይቆማሉና ዘዴው ይከሽፍበታል። እኔ የምመክረው ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ሁለት ተዋንያንን አንድ ዓይነት ልብስ አልብሶ ተመልካቹን የጨዋታው ተባባሪ ማድረግ ነው። ረጅሙና አጭሩ «አንድ መልክ» ሲባሉ ሳቁ ይበዛል እንጂ አይቀንስም።

ይህ የዘዴ ችግር ነው፤ መፍትሔም አለው። የሚከብደው ሌላው ነው። ጭምብል ያላጠለቀ ተዋናይ ፊቱን፣ ዕድሜውን፣ ጾታውንና የቆዳውን ቀለም ይዞ ይወጣል። እነዚህ ሁሉ ደራሲው ያልጻፈውን ይናገራሉ።

ይህን ያስተማረኝ የራሴ ስሕተት ነው። ከዓመታት በፊት ከተማሪዎቼ ጋር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ191 ዓመት የታየውን የፕላውተስን «ፕሴውዶሉስ» ለንባብ ልምምድ መረጥን። ተማሪዎቹ ሚና ሲከፋፈሉ የባሪያውን የፕሴውዶሉስን ሚና ያለ ክርክር ከመካከላቸው መልኩ ጠቆር ላለው ወጣት ሰጡት። እኔም ዝም አልሁ። በሦስተኛው ቀን ልጁ ጽሑፉን ይዞ መጣና፣ «መምህር፣ የዚህ ሰውዬ መልክ እዚህ ላይ ተዘርዝሯል» አለኝ። እውነቱን ነበር። በተውኔቱ መጨረሻ ገደማ አንድ መልእክተኛ ያታለለውን ሰው ሲገልጽ ፀጉሩ ቀይ፣ ሆዱ የተቆዘረ፣ ባቱ ወፍራም፣ ቆዳው ጠየም ያለ፣ ጭንቅላቱ ትልቅ፣ ዐይኑ ንቁ እንደነበረ ይዘረዝራል፤ እግሩ እጅግ ትልቅ ነበር ሲል ነው ሰሚው አታላዩ ማን እንደሆነ የሚያረጋግጠው። ተማሪዬ ቀጠለና፣ «ቀይ ፀጉር፣ ትልቅ ሆድና ትልቅ እግር ያለው ማንም አልተፈለገም። ከዚህ ሁሉ የተነበበው አንዱ ቃል ብቻ ነው» አለ። የምመልሰው አልነበረኝም።

ነገሩን ስመረምረው ጥፋቱ ከጽሑፉ ሳይሆን ከእኛ መሆኑ ታየኝ። በሮም ባርነት የሕግ ደረጃ እንጂ የቆዳ ቀለም አልነበረም፤ በጦርነት የተማረከ ግሪካዊም፣ ሶርያዊም፣ ጋላዊም ባሪያ ይሆን ነበር። በእኛ ቋንቋ ግን «ባሪያ» የሚለው ቃል ከሕግ ደረጃነት አልፎ ስለ መልክ የሚሰነዘር ስድብ ሆኖ ኖሯል። በአገራችን ባርነት በ1934 ዓ.ም. በዐዋጅ ቢሻርም ስድቡ ከዐዋጁ በኋላ ቆይቷል። ስለዚህ ሚናውን በመልክ ስንደለድል ፕላውተስ ያልጻፈውን የራሳችንን ስድብ በሮማዊ ልብስ አልብሰን መድረክ ላይ እናወጣለን ማለት ነው።

ድልድል ተውኔትን የሚያበለጽግበት ጊዜም አለ። ከፕላውተስ ሥራዎች የተቀዳው የብሮድዌይ ሙዚቃዊ ኮሜዲ እ.ኤ.አ. በ1962 ሲከፈት ባሪያውን ፕሴውዶሉስን የተጫወተው ዜሮ ሞስቴል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 እንደገና ሲታይ ሚናው ለኔታን ሌን ተሰጠ፤ በቀጣዩ ዓመት ግን ዉፒ ጎልድበርግ ተተካችበት። በዚህ ሥራ ፕሴውዶሉስ የሚታገለው ለነጻነቱ ነው፤ በፕላውተስ ጽሑፍ ግን ዋናው ጉዳይ የወጣት ጌታውን ወዳጅ ማስለቀቅና ውርርድ ማሸነፍ ነው። በእኔ እይታ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ነጻነትን በመድረክ ላይ ስትጠይቅ ሳቁ ሳይጠፋ ክብደት ይጨምራል፤ የሚሳቅባቸውም ጌቶቹ ይሆናሉ። እዚህም መልክ ተናግሯል፤ ልዩነቱ የተናገረው ለማን እንደሆነ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ቃል የሌለው ሚና ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ161 ዓመት በታየው የቴሬንስ «ጃንደረባው» ውስጥ አንድ ወጣት ለወዳጁ ከኢትዮጵያ የመጣች ገረድ በስጦታ ይልካል። «ኢትዮጵያ» ለጥንቶቹ ከግብጽ በስተደቡብ ያለው ሰፊ ምድር ነበር፤ የዛሬውን ወሰን አያመለክትም። ልጅቱ ወደ መድረክ ትወጣለች፤ ጉረኛው ወታደር ዋጋዋን በሦስት ምናን ይገምታል፤ አጫፋሪው እሱንም መብዛቱን ይጠቁማል። እርሷ አንድ ቃል አትናገርም። በዚሁ ተውኔት ጃንደረባ መስሎ የገባ ወጣት የሚደፍራት ፓምፊላም በመድረክ ላይ ቃል የላትም፤ ታሪኩም በጋብቻቸው ይቋጫል። የተውኔቱ ደራሲ ደግሞ፣ ስዌቶኒየስ እንደጻፈው፣ በካርታጎ ተወልዶ በሮም ባሪያ የነበረና በኋላ ነጻ የወጣ ሰው ነው።

አዘጋጁ ምን ያድርግ? ሚናዋን ቢሰርዝ ያለፈውን ዘመን ያሳምረዋል። ማንንም ጠርቶ እንደ ዕቃ ቢያቆም ሸያጮቹን ይመስላል። እኔ የምመርጠው ሦስተኛውን መንገድ ነው፤ ሚናውን በዝምታ መጫወት ለሚችል፣ ከቡድኑ ብርቱ ለሆነ ተዋናይ መስጠትና ከፊት ማቆም። ገማቾቹ ከኋላዋ ይናገሩ፤ ተመልካቹ ዋጋውን የሚሰማው ፊቷን እያየ ይሁን። ያን ጊዜ ቀልዱ ከገማቾቹ አፍ ወጥቶ በገማቾቹ ላይ ይመለሳል። ከጽሑፉ አንድ ቃል አልተነካም።

ሲሴሮ ስለ ተዋንያን ሲጽፍ፣ ከሁሉ የላቀውን ተውኔት ሳይሆን ለራሳቸው የሚስማማውን ይመርጣሉ ብሏል፤ በድምፃቸው የሚተማመኑት አንዱን፣ በእንቅስቃሴያቸው የሚተማመኑት ሌላውን። መስማማትን የለካው በድምፅና በእንቅስቃሴ እንጂ በመልክ እንዳልሆነ ልብ ይሏል።

ከዚያ ልምምድ ወዲህ ሚና ከመደልደላችን በፊት ለተማሪዎቼ ሁለት ጥያቄ አቀርባለሁ፦ በማን ላይ ልንስቅ ነው? ዝም የሚለውስ ማን ነው? በዚያ ዓመት የፕሴውዶሉስን ሚና በድጋሚ በዕጣም በመልክም ሳይሆን ሁሉም ተራ በተራ አንብበው ደለደልነው። ሚናው ያው ተማሪ ላይ ጸና፤ ከሁሉ ይልቅ ያሳቀን እርሱ ነበርና። በዚህኛው ጊዜ ግን የሳቅነው ከእርሱ ጋር ነበር።