ስለ ጤና ሲጠየቅ መልሱ የማን ነው?

ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቀርበው ጥያቄ በሚመልሱበት ቀን፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከየቤቱ የሚሰማው የቴሌቪዥን ድምፅ አንድ ነው። እንዲህ ባለ አንድ ቀን የስኳር ሕመም ያለባቸው ጎረቤቴ የጤና ነገር ሲነሳ ድምፁን ጨመሩት። ከሁለት ሰዓት በላይ በትዕግሥት አዳመጡና መጨረሻ ላይ፣ «ልጄ፣ ታዲያ መድኃኒቱን የሚያመጣልን ማነው?» አሉኝ። በእጃቸው የያዙት ጤና ጣቢያ የጻፈላቸውን ማዘዣ ነበር። መድኃኒት ቤቱ «ከውጭ ይግዙ» ብሎ መልሷቸዋል።

ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ለመመለስ ግን መጀመሪያ ሕገ መንግሥቱን መክፈት ይጠይቃል።

በ1987 የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን እንዳለው ይደነግጋል። የአሠራሩ ልማድ ግን ለጠያቂው አይመችም። ብዙውን ጊዜ የምክር ቤት አባላት ጥያቄያቸውን ተራ በተራ ካነበቡ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሁሉንም በአንድነት፣ በረጅም ንግግር ይመልሳሉ። ሰላም፣ የኑሮ ውድነት፣ ወደብ፣ ጤና በአንድ ላይ ይመጣሉ። በእንግሊዝ ፓርላማ የተቃዋሚው መሪ በየሳምንቱ ረቡዕ ስድስት ጥያቄ የመጠየቅ ዕድል አለው። መልሱ ካልጣመው ያንኑ ጥያቄ እንደገና ያነሳዋል። እኛ ዘንድ ተከታይ ጥያቄ የሚነሳበት ዕድል ጠባብ በመሆኑ፣ ያልተመለሰው ነገር ሳይመለስ ያልፋል።

የጠያቂዎቹ ቁጥርም አነስተኛ ነው። በ2013ቱ ምርጫ ገዥው ብልጽግና ፓርቲ ከ400 በላይ መቀመጫ ሲይዝ፣ ከተቃዋሚዎቹ አብን 5፣ ኢዜማ 4፣ የጌዴኦ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት 2 አግኝተዋል። ከ1997 እስከ 2002 በነበረው ምክር ቤት ቡልቻ ደመቅሳ፣ በየነ ጴጥሮስና መረራ ጉዲና ከወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጋር ያደርጉት የነበረው ክርክር በብዙዎች ዘንድ ይታወሳል። ከዚያ በኋላ በነበሩት አምስት ዓመታት የተቃዋሚው ድምፅ ግርማ ሰይፉ ብቻ ነበሩ።

አሁን ወደ ጤናው እንምጣ። አንቀጽ 51 ለፌዴራል መንግሥቱ የሚሰጠው ሥልጣን የጤናን አገር አቀፍ መመዘኛና መሠረታዊ የፖሊሲ መለኪያ ማውጣትና ማስፈጸም ነው። አንቀጽ 52 ደግሞ በግልጽ ለፌዴራሉ ያልተሰጠው ሥልጣን የክልል መሆኑን ይናገራል። ስለዚህ ጤና ኬላውን፣ ጤና ጣቢያውንና አብዛኛውን ሆስፒታል የሚያስተዳድረው ክልሉ ነው። በ1995 የተጀመረውን የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ብንወስድ፣ ያቀደው ጤና ሚኒስቴር ሲሆን በየቀበሌው ቤት ለቤት የምትዞረው ሠራተኛ ግን ደመወዟን የምታገኘው ከወረዳዋ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማምለጫ አለ። ስለ አንድ ወረዳ ጤና ጣቢያ ሲጠየቁ «ይህ የክልሉ ሥራ ነው» ማለት በሕግ ረገድ ስህተት የለበትም። እኔ ግን ግማሽ መልስ ነው እላለሁ፤ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ አይነግረንምና። የአብዛኞቹ ክልሎች በጀት ትልቁ ክፍል የፌዴራል ድጎማ ነው። ድጎማው የሚከፋፈልበትን ቀመር የሚወስነው በአንቀጽ 62 መሠረት የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ለ2018 ከጸደቀው 1.93 ትሪሊዮን ብር የፌዴራል በጀት ውስጥ ለክልሎች ድጎማ የተያዘው ከ300 ቢሊዮን ብር በላይ ነው። ገንዘቡ በጥቅሉ ከተላከ በኋላ ለጤና ስንት፣ ለመንገድ ስንት እንደሚሆን የሚወስነው ክልሉ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ይጠየቃሉ፤ አንዱ ስለላከው፣ ሌላው ስላወጣው።

ደመወዝ ላይ ነገሩ የበለጠ ይጠነክራል። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች ሥራ ማቆማቸው ይታወሳል፤ የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄ ነበራቸው። የደመወዝ ስኬሉን የሚወስነው የፌዴራል መንግሥት ነው። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ሲል ውሳኔው የወጣው ከአዲስ አበባ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ተረኛ ሆና ያደረች የወረዳ ሆስፒታል ነርስ ግን የዲዩቲ ክፍያዋን የምትጠብቀው ከአካባቢዋ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ነው። ክፍያው ሲዘገይ አንዱ ወደ ሌላው ይጠቁማል፤ እሷ ደግሞ የቤት ኪራይ አለባት።

ወረርሽኝ ሲመጣም ሥልጣኑ ለሁለት ይከፈላል። አንቀጽ 93 የፌዴራል መንግሥቱም ሆነ ክልል በወረርሽኝ ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እንዲያውጁ ይፈቅዳል። በ2012 መጋቢት 4 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ሲገኝ፣ ቀድሞ ያወጀው የትግራይ ክልል ነበር፤ የፌዴራሉ አዋጅ የመጣው መጋቢት 30 ነው። በሁለቱ አዋጆች መካከል የተፈጠረው ክፍተት ብዙም ሳይመረመር ቀረ፤ ያ የሚያስቆጭ ነው።

ልደታ ደግሞ ከክልል ይለያል። አዲስ አበባ ራሷን ብታስተዳድርም በአንቀጽ 49 ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ነው። በክፍለ ከተማችን ያለው ጤና ጣቢያ የከተማው አስተዳደር ነው። እዚሁ ልደታ ያለው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኩል የፌዴራል ነው። ከጤና ጣቢያው የተጻፈች ሪፈር በታክሲ ጥቂት ደቂቃ ተጉዛ ከአንዱ መንግሥት ወደ ሌላው ትሻገራለች። ጥቁር አንበሳ በር ላይ በጠዋት ከሚጠብቁት መካከል ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከባሌ የመጡ ብዙ ናቸው። ሆስፒታሉ ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና መስጫ ነበር። የክልል ሆስፒታል ያላገኘው መሣሪያ እዚህ ፍራሽ ይዞ የሚያድር ቤተሰብ ሆኖ ይታያል።

የጎረቤቴ መድኃኒትስ? ጤና ጣቢያው የከተማው ነው፤ የጤና መድኅናቸውን የሚያስተባብረው የፌዴራል ተቋም ሲሆን የመታወቂያ እድሳቱ የወረዳው ነው። ለመንግሥት ጤና ተቋማት መድኃኒት ገዝቶ የሚያከፋፍለውም ፌዴራላዊው የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ነው። ከውጭ የሚመጣ ከሆነ የውጭ ምንዛሪውም የፌዴራል ጉዳይ ነው። ይህን አንድ በአንድ ስነግራቸው በጣታቸው እየቆጠሩ ሰሙኝ። ከዚያም ማዘዣውን አጣጥፈው ወደ ቦርሳቸው መለሱና፣ «እንግዲያስ የምርጫ ክልላችንን ለወከለው ሰው ይህንኑ በጽሑፍ አድርግልኝ፤ እኔ ፈርሜ አደርሰዋለሁ» አሉኝ። ደብዳቤውን በዚያው ምሽት ጻፍነው።